ለሽቦ ለባሹ ወይን ዜሮ

ከእጄ ላይ ብርጭቆ ተነጥቄአለሁ። በእሑድ ቀን፣ በሰው ፊት፣ ገና ሳልጨርሰው። የነጠቀኝ ቦንጋ ላይ ትልቁን ግሮሰሪ የያዘው ነጋዴ ነው፤ በዕድሜም ያንሰኛል። ነጥቆኝ ዝም ቢል እንኳ ጥሩ ነበር። «አንተ በጠጅ የተቀቀለ ምላስ ይዘህ ወይን ልትመዝን ነው?» አለኝ። በደሉ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ማንነቴን ለማያውቅ ሰው፣ እኔ ማር ገዢ ነኝ። የቦንጋ ጠጅ ቤቶች ጠጅ የሚጥሉበትን ማር የምመርጥላቸው እኔ ነኝ። በገበያ ቀን ሺሺንዳ እሄዳለሁ፤ ወቅቱ ሲደርስ በቅሎዬን ይዤ ደካ ድረስ፣ አንዳንዴም ቢታ ገነት ድረስ እዘልቃለሁ። ማር ሻጭ መሐላ ይወዳል። በእናቱ ይምላል፣ በታቦት ይምላል፣ በራሴም ሊምልብኝ ይሞክራል። እኔ መሐላ አልሰማም። ጣቴን እነክራለሁ፣ እልሳለሁ፣ «ይሄ ውሃ ነክቶታል» እላለሁ፤ ካልነካው ደግሞ ዝም ብዬ ከረጢቴን እፈታለሁ። የጠጅ ቤት ባለቤቶቹ እኔ ያመጣሁትን ማር ዳግመኛ አይቀምሱም፤ በቀጥታ ወደ ጋን ነው። በቅሎዬ ብትሞት ሌላ እገዛለሁ። ምላሴ ሞተች ከተባለ ግን እኔም አብሬ ተቀብሬአለሁ ማለት ነው።

ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ መሸበት ሲጀምር ነው። መሠረተ ትምህርት የሚሉት ነገር መጣና በግድ አግዳሚ ላይ አስቀመጠኝ። ስለዚህ የምጽፈው እንደምናገረው ነው። ነገር ማለስለስ የሚችሉ በልጅነታቸው የተማሩ ናቸው፤ እኔ ደረስኩበት እንጂ አልተለማመድኩትም።

እንግዲህ ወይኑ። ነጋዴው ከመሀል አገር ሲመጣ ጨውና ላምባ ነበር የሚሸጠው። ኋላ መስተዋት ያለው መደርደሪያ አሠራ፣ እሑድ እሑድ ክራቫት ማሰር ጀመረ፣ ሱቁም ግሮሰሪ ተባለ። ከኛ አገር ቡና ጭነው አሰብ የሚወርዱ መኪኖች አሉ፤ ከነሱ የአንዱ ሾፌር ከመርከበኞች ላይ ወይን ይገዛና ያመጣለታል። በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ አራት ዓይነት ቀይ ወይን አንድ ላይ አወረደለት። «የስፔን ወይን» ተብሎ በከተማው ተወራ። በኋላ እንደሰማነው ግማሹ የስፔን ነው፤ ግማሹ ሌላ አገር ሰው እንደ ስፔኖች አድርጎ የጠመቀው ነው። ለኛ ያው ነው። ቀይ ነው፣ ቡሽ አለው፣ ባሕር ተሻግሯል።

የመጀመሪያው በዳሚጃን የመጣ ነው፤ ያ ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ቀጭን፣ በላስቲክ ቅርጫት የታቀፈ ትልቅ ጠርሙስ። የሱ አንድ ብርጭቆ በሁለት እንቁላል ዋጋ ነበር። ሁለተኛው ኮርማ የተሳለበት ጠርሙስ ነው፤ በእንቁላል ጣይ ዶሮ ዋጋ። ሦስተኛው ግንብ የተሳለበት፤ በሺሺንዳ ወጠጤ ዋጋ። አራተኛው ግን ሌላ ነው። ከአንገቱ እስከ ቂጡ በቀጭን የወርቅ ሽቦ መረብ ተጠልፏል። የሱ ዋጋ ሙክት ነው፤ ያውም ለፋሲካ ዋዜማ የሚጠየቅ የሙክት ዋጋ።

«ሽቦው ለምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ሌባ ቡሹን ነቅሎ ሌላ እንዳይሞላበት ነው» አለ ነጋዴው።

«እኔ ደግሞ ወይኑ እንዳያመልጥ መስሎኝ።»

አልሳቀም። ሽቦ ለባሹ ላይ ብዙ ገንዘብ አስሮ ነበርና ቀልድ አይወድም። የጥር ሠርግ እየቀረበ ነው፤ ሰው ለሠርጉ ውዱን እንዲያዝለት ፈልጓል። ስለዚህ መላ መታ። ጥር ላይ የሚደግሱትን አባወራዎች ሁሉ ለእሑድ ከሰዓት በኋላ ጠራ፤ ቀምሰው ነጥብ ይስጡ፣ ከዚያም ይዘዙ ተባለ። የቀበሌውን ሊቀመንበር ለክብር ጠራ። እኔን «ምላስ አለው» ብሎ ጠራኝ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ምላስ አለው ያለው ራሱ ነው። አቀማመሱን የሚያሳየን ደግሞ ቡና ልማት የተመደበ ወጣት የእርሻ ባለሙያ ነበር። ኩባ ተምሮ የመጣ ነው፤ ስፓኒሽ ይናገራል። መሠረተ ትምህርት የሰጠኝ ፊደል የስፔንን ጠርሙስ አያነብም፤ እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ያነብ ነበር።

እሑድ ደረሰ። ዝናብ። በረንዳው ላይ ጠረጴዛ ተገጣጥሟል፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይጮኻል፤ እኛም ለመሰማማት እንጮኻለን። ባለሙያው ተነሥቶ ያስረዳን ጀመር።

«መጀመሪያ ቀለሙን ትመለከታላችሁ። ቀጥሎ ብርጭቆውን ታሽከረክራላችሁ። ታሸታላችሁ። ከዚያ ጥቂት ትጎነጩና አፋችሁ ውስጥ ታንከባልሉታላችሁ። በመጨረሻ ትተፉታላችሁ» አለና ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ጠረጴዛው መሀል አስቀመጠ።

ሰው ሁሉ ጣሳውን አየ።

«ምን እናደርገዋለን አልክ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«እንተፋዋለን፣ ጓድ ሊቀመንበር። እንዳንሰክር ነው።»

«ካልሰከርን ለምን መጣን?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በኛ ዘንድ መጠጥ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ራሱ ይቀምሳል፤ መርዝ የለበትም ማለቱ ነው። እንግዳው ያን አይቶ ይውጣል። ከቀመሰ በኋላ የተፋ እንግዳ «መርዘኸኛል» እንዳለ ይቆጠራል። በዚህ ደም የተቃቡ አሉ። እንግዲህ ስፔን ሌላ አገር ነው፤ ይትፉ። ነጋዴው ራሱ ደነገጠ። «በኔ ቤትማ አይተፋም» አለ። ጣሳው ደረቅ እንደሆነ ቀረ። ሊቀመንበሩ ወደራሳቸው ሳቡትና በኋላ እንደ ከበሮ ይመቱት ጀመር።

ነጥብ አሰጣጡ በጣት ነው ተባለ፤ ከአሥር። ባለሙያው ወረቀት ነበር ያሰበው፤ ከተጠሩት ግማሹ መጻፍ እንደማይወድ ሲያይ ተወው። ያልታሰበ ችግር ግን ነበረበት። ከአምስት በላይ ለመስጠት ሁለት እጅ ያስፈልጋል። ሁለት እጅ ለማንሳት ብርጭቆ መቀመጥ አለበት። ብርጭቆ ደግሞ ባዶ እንደሆነ ወዲያው ይሞላል፤ ከጎንህ ያለው ሰው እንዳይቀድምህ መያዝ ነው።

ነጋዴው በመዳፉ ቀመሰና ዳሚጃኑን ቀዳ፤ «ይህ የሁለት እንቁላል ነው» ብሎ ዋጋውን አወጀ። ጠጣን። የበሰለ እንጆሪ ውስጥ የበር ቁልፍ ያሳደሩበት ይመስላል። ግን አፋችን ደረቅ ነበር፣ ከቤተ ክርስቲያንም ከምሳም በኋላ ነው፣ ዝናቡም አለ። ወረደ። ሁላችንም ብርጭቆ አስቀምጠን እጃችንን አነሣን። ለሁለት እንቁላል እንዲህ ያለ የጣት ጫካ አይቼ አላውቅም።

ኮርማው ተከተለ። «ይሄ ይዋጋል» አለ አንዱ ደጋሽ። «እኔን ገና አልወጋኝም፤ ድገምልኝ» አለ ሌላው። ባለሙያው ዓይኑን ከድኖ፣ «ቆዳ ይሸታል። ትምባሆም አለበት» አለ።

«ቆዳ ካማረኝ ጫማዬን እልሳለሁ» አልኩት።

«አይ ጋሼ፣ ጥሩ ምልክት ነው።»

«ጫማዬም ጥሩ ነው።»

ሳቁ ያኔ ተጀመረ፤ ከዚያ በኋላ አልቆመም። ግንቡ ሲቀዳ ሰው ብርጭቆውን ለማስቀመጥ መሰሰት ጀምሯል። አንዱ በጉልበቱ መሀል ይይዛል፤ አንዱ ጠርዙን በጥርሱ ነክሶ ሁለት እጁን ያነሳል፤ ክራቫቱ ወይን ውስጥ የተነከረ አለ። አንዱ ደጋሽ አምስት ጣት አነሣና «ቀሪው አምስት ብርጭቆውን ይዟል፣ ቁጠሩልኝ» አለ። ሊቀመንበሩ ባለሙያውን ጠየቁት።

«ለመሆኑ ኩባ ወይን ይጠመቃል?»

«የለም፣ እዚያ ሩም ነው።»

«ታዲያ ወይን የት ተማርክ?»

«መምህራችን ይወድ ነበር።»

«መምህርህ ሲጠጣ እያየህ ነው የተማርከው?»

ልጁ አልተቀየመም። ተነሣና በስፓኒሽ ዘፈነ፣ ወገቡን ይዞ ዞረ፤ ሊቀመንበሩ ጣሳውን ይመታሉ፤ እኔ፣ ለሠርግ እንኳ ትከሻ የማላነቃንቅ ሰው፣ ትከሻዬ ያለ ፈቃዴ ሄደ። እውነቱን ልናገር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የሳቅሁበት የለም። ለዚህም ነው በደሉ የከበደኝ። ሲስቅ የተመታ ሰው ሆዱን አልጠበቀም።

ሽቦ ለባሹ ወጣ። ነጋዴው ፒንሳ አምጥቶ ሽቦውን ቆረጠ፣ ቡሹን ነቀለ፣ እንደ ቄስ ከፍ አደረገው። «ይህ የሙክት ዋጋ ነው» አለ። ሁሉም ጠጣ። ሁሉም ብርጭቆውን አስቀመጠ። አሥር አሥር ጣት ተነሣ። ገና ጉሮሯቸው ሳይደርስ ነው ያነሡት፤ ለሙክቱ ነው የሰጡት።

እኔም ጠጣሁ። ምላሴ በዚያ ሰዓት እንደ ደረቀ የእንሰት ቅጠል ሆኗል። ዝናብ ያገኘው ሳንቃ ቀመስኩ፤ ሌላ ምንም የለም። እኔ የሌለውን አለ ብዬ ማር ገዝቼ አላውቅም። ቀኝ እጄ ብርጭቆ ይዟል፤ ግራ እጄን ጨብጬ አነሣሁ። ዜሮ።

በዚያ ዘመን ግራ እጅ ተጨብጦ ሲነሣ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ መፈክር ነው። ሊቀመንበሩ ጣሳ እየመቱ ነበርና የተባለውን አልሰሙም፤ ጡጫዬን ሲያዩ ግን ከልማድ ብድግ ብለው የሳቸውንም ጡጫ አነሡ። «ወደፊት» አሉ።

ከደጋሾቹ አንዱ ወደ ጎረቤቱ ጎንበስ ብሎ፣ «ሊቀመንበሩም ዜሮ ሰጡት እኮ» አለው። ከዚያ ያየሁትን አልረሳም። ጣቶች መታጠፍ ጀመሩ። አንዱ ሰባት አደረገ፣ ወዲያው አራት፤ ሌላው ቀስ በቀስ እንደሚጠወልግ ቅጠል አጠፋቸው። አፍታ ሳይቆይ በረንዳው ሙሉ ጡጫ ሆነ። ለሙክቱ ወይን ዜሮ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ሊቀመንበሩ ሁሉም ስለቆመላቸው ደስ አላቸው።

ነጋዴው ፊቱ ወይኑን መሰለ። ሁለት ጡጫ ነው ዕቃውን ያጠፋበት፤ የሊቀመንበሩና የኔ። የሊቀመንበሩን ብርጭቆ መንካት አይችልም። ስለዚህ የኔን ነጠቀ። በጠጅ የተቀቀለ ምላስ ያለኝም ያኔ ነው። ሰው ሳቀ። ሰው ያን ዕለት በሁሉም ነገር ይስቅ ነበር፤ ይህን አውቃለሁ። ግን ሳቀ። ዝናቡ ውስጥ ገብቼ ሄድኩ።

ስድብ ጥሩ ሲሆን እግር ያወጣል። ለገበያ ቀን ሺሺንዳ ደረሰ። ማር ሻጩ ሁሉ «ጋሼ፣ የተቀቀለው ደኅና ነው?» ይለኛል። ቦንጋ ላይ ትልቁ ጠጅ ቤት የአንዲት እትዬ ነበር፤ ስንት ዓመት ማር ያቀረብኩላቸው። አስጠሩኝ። ብርሌ እየጠረጉ ነው ያናገሩኝ፤ ቀና አላሉም።

«ወንድሜ፣ ጠጪው ይስቅብኛል። ‹ማሩን የመረጠው የተቀቀለው ምላስ ነው ወይ› ይለኛል። ለጊዜው ሌላ ሰው ልላክ።»

«ማሩ ተበላሽቶብዎታል?»

«አልተበላሸም።»

«ታዲያ?»

«ጠጁ አልተበላሸም፤ ስሙ ነው የተበላሸው። ሰው ስሙን ነው የሚጠጣው» አሉ።

የሳቸውን አይተው ሌሎቹም ተዉኝ። የሠርጉ ወር አለፈ፤ በቅሎዬ ወፈረች፤ እኔ ከሳሁ። ቦንጋ አንድ ዋና መንገድ ነው ያላት፤ ግሮሰሪው በር ላይ ላለማለፍ በቦዩ በኩል እሄድ ነበር፣ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቴ። እሱም አልተጠቀመም። ዳሚጃኑ በሁለት ሠርግ ተጠጥቶ ትራፊው አንድ ጠርሙስ ብቻ ሞላ፤ ሽቦ ለባሾቹ ግን መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጡ። «ያ ሰውዬ አከሰረኝ» ይላል አሉ። እኔ ነኝ አክሳሪው እንግዲህ።

ፋሲካ አለፈ። ከግሮሰሪው ጎን ጨርቅ የሚሸጡ ሐጂ ነበሩ፤ የሁለታችንም ጎረቤት፣ የሁለታችንም ሽማግሌ። ቤቴ ድረስ መጡ።

«ረመዳን ሊገባ ነው» አሉኝ። «የናንተን ጠብ ጾም ውስጥ ይዤ አልገባም። እሑድ ከኔ ሱቅ በር ላይ እቀመጣለሁ፤ እናንተ እሱ በረንዳ ላይ። እዚያው ትቀምሳላችሁ፣ እዚያው ይቆረጣል።»

«ሐጂ፣ እርስዎ መጠጥ በአፍዎ ዞሮ አያውቅም። ወይን እንዴት ይዳኛሉ?»

«ለዚህ ነው የምዳኘው። እኔ ጨርቅ ስሸጥ ሰው በአፉ ‹ውድ ነው› እያለ በፊቱ ‹ጠቅልልልኝ› ሲል አይቻለሁ። ፊት አነባለሁ፤ ብርጭቆው የናንተ ነው።»

የዳግም ትንሣኤ እሑድ ተሰበሰብን። ዝናብ አሁንም። ሐጂ ከሱቃቸው ደፍ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ቀጂዋን ራሳቸው መረጡ፤ እትዬ፣ ባለ ጠጅ ቤቷ። ጠርሙሶቹን ጓዳ አስገብተው በጋዜጣ ጠቅልለው ያውጡ፣ ዋጋ አይጠራ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሐጂና እትዬ ብቻ ይወቁ ተባለ። የምንቀምሰው እኔ፣ ነጋዴውና ባለሙያው ነን። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ነበራቸው፤ ደግ ሆነ። ደጋሾቹ ግን ዙሪያውን ቆመዋል። የመትፊያው ጣሳ ሲመጣ ማንም ዞሮ አላየውም።

ወይኑ ገና ሳይቀዳ ነጋዴው ጀመረ። «ሐጂ፣ ይህ ሰው…»

«ጠጣ» አሉት።

የመጀመሪያው ተቀዳ። ጠጣሁ። እናንተዬ፣ ጥሩ ነበር። እንደ ጥሩ ማር መጀመሪያ ዝም ይልና ቆይቶ ይናገራል። ስምንት ሰጠሁ። ነጋዴው ዓይኑ በራ፤ አሥር። «ይህ ነው ወይን ማለት። የኔ ሽቦ ለባሽ ይሄ ነው፤ ካልሆነ ጺሜን ላጩኝ» አለ።

ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ እንደገና ሌላው። ሳቁ ተመለሰ። ባለሙያው አንዱን «የዝናብ ሽታ አለው» ሲል እትዬ «እሱ ከቆርቆሮው ነው ልጄ» አሉት። እኔና ነጋዴው ላለመተያየት ተዟዙረን ነበር የተቀመጥነው፤ ቆይቶ አንገታችን ደከመና ተያየን። ጣቶቻችን ወረዱ። ስንተኛው ላይ እንደሆንን ከሐጂና ከእትዬ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

የመጨረሻው ተቀዳ። ነጋዴው ጠጣና ፊቱን አጨማደደ፤ ኮሶ የወሰደ መሰለ።

«ይሄ ያ ዳሚጃን ነው» አለ። «ውሻ ቢጠጣው በባለቤቱ ላይ ይጮኻል። እንዲህ ያለውን ለሰው ማቅረብ ኃጢአት ነው።»

«ነጥቡን» አሉ ሐጂ።

ጡጫውን አነሣ። ዜሮ። እኔም ቀመስኩት፤ ሳንቃ ነው። ጡጫዬን አነሣሁ። ሁለታችን ጡጫ አንስተን ፊት ለፊት ተቀምጠናል።

«እስቲ እትዬ፣ ጋዜጣውን ግለጪልን።»

ገለጡት። የወርቅ ሽቦ። ከዚያ የመጀመሪያውን ገለጡት። የወርቅ ሽቦ። ሐጂ ሁለት ሽቦ ለባሽ ነበር ያስጠቀለሉት፤ አንዱ መጀመሪያ እንዲቀዳ፣ አንዱ መጨረሻ።

ነጋዴው ጡጫውን ማውረድ ረሳ። «ሐጂ፣ ገደሉኝ» አለ ቀስ ብሎ። መጀመሪያ የሳቀው ባለሙያው ነው፤ ግንባሩን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ነው የሳቀው። ከዚያ ደጋሾቹ። ከዚያ እትዬ፣ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው። እኔ ላለመሳቅ ታገልኩ፤ ቂም ያለበት ሰው አይስቅም ብዬ። ወይኑ በአፍንጫዬ ወጣ።

ሳቁ ሲበርድ ሐጂ ፍርዱን ሰጡ። «ወይኑ ደህና ነው። የሱም ምላስ ደህና ነው፤ ያንተም። በጠገበ አፍ መጨረሻ የመጣ ሁሉ ይረገማል። ትፉ ሲሏችሁ አልተፋችሁም፤ እሱ የአገራችሁ ደንብ ነው፣ አልገባበትም። ዜሮ መስጠት ግን በደል አይደለም፤ አንተም ለራስህ ዕቃ ሰጥተኸዋል። የተቀዳለትን ከእጁ መንጠቅ በደል ነው። ስም ማውጣት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። ያወጣህለት ስም በየጠጅ ቤቱ ገብቷል። ሄደህ አውጣው።»

«ማለት?»

«በየበሩ ሄደህ በራስህ አፍ በድያለሁ በል።»

«አሁን? በዚህ ዝናብ?»

«ስታወጣለትም ይዘንብ ነበር።»

ወጣን። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ደጋሾቹ ከኔ ኋላ፤ ለቅሶም ሠርግም አንመስልም። ክራቫቱ ጀርባው ላይ ዞሯል። የመጀመሪያው ጠጅ ቤት በር ላይ ቆሞ አንገቱን ደፍቶ፣ «የዚህ ሰው ምላስ ደህና ነው» አለና ሊሄድ ዞረ።

«አልሰማንም፤ ገብተህ ተናገር» አሉት ከውስጥ። ገባ። የገባ ሰው ደረቁን አይወጣም፤ ብርሌ ተሰጠው። ጨለጠና ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው።

ሁለተኛው ቤት ላይ ነገሩ ረዘመ። «እኔ ነኝ የበደልኩት። ከእጃቸው ነጠቅሁ» አለ። እስከ ጠዋት አንተ ያለኝ ሰው እዚህ ላይ አንቱ አለኝ። ሌላ ብርሌ። ቀጥሎ ባለው ቤት «የኚህ አባት ምላስ አዲስ አበባ ተወስዶ ለትምህርት መቀመጥ ያለበት ነው» አለ። ጠጪው አጨበጨበ። «በሕይወት እያለሁ?» ብዬ ጠየቅሁት፤ አልሰማኝም። ከዚያ ወዲያ ለያዥ አስቸገረ። ባዶ አግዳሚ ይቅርታ ጠየቀ። አንድ ቤት ውስጥ እያለቀሰ የካፋን ንቦች ይቅርታ ጠየቀ፤ በኔ ምክንያት ሥራ ፈትተዋል ብሎ። እኔን ደግሞ አዲስ ጭንቀት ጀመረኝ። እንዲህ ከተመሰገንሁ ነገ ደግሞ በውዳሴው ሊስቁብኝ ነው። ብብቱ ስር ገብቼ ደገፍኩት፤ ካልደገፍኩት ቦዩ ውስጥ ነው፤ ቦዩን አውቀዋለሁ።

«በቃ፣ ዝም በሉ አሁን» አልኩት። እኔም አንቱ አልኩት እንግዲህ፤ ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም።

«አልልም። አንድ ቤት ቀርቷል።»

የቀረው የእትዬ ቤት ነው፤ ቀድመውን ደርሰው በር ላይ ቆመዋል። ቤቱ ሞልቷል። ነጋዴው አፉን ሲከፍት እጃቸውን አነሡ።

«ይበቃል፤ በረንዳው ላይ ያየሁት ይበቃኛል» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። «ደካ ላይ ነጭ ማር ወጥቷል ይላሉ። የላክሁት ሰው ያመጣልኝ ማር ጋኑን አሰነፈብኝ። ነገ ትሄድልኛለህ?»

ነጋዴው ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥሎ መልሴን ይጠብቃል፤ ከሱ በላይ የጨነቀው የለም።

«ነገ አልችልም» አልኳቸው። «ነገ ራሴን ያመኛል። ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ ይሁን» አሉና ወደ ውስጥ ገብተው ለበቅሎዬ ጭነት የሚሆን ባዶ ቅል ማውጣት ጀመሩ።

ይቅር ብያለሁ፤ መርሳት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ሽማግሌም አይቆርጠውም። ነገሩ የተቆረጠው እሑድ፣ ሚያዝያ አሥራ ስምንት ቀን ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነው።